ቤቱ ርካሽ ነው፤ መንገዱስ?

የኑሮ ሒሳብ

ዛሬ በዚህ ዓምድ አንድ ነገር እንመዝናለን። ነገሩ በሚዛን ላይ አይቀመጥም። በቁና አይሰፈርም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። እሱም ጊዜ ነው።

ነገሩ የመጣው ከደብዳቤ ነው። በማታው ክፍል ከእኛ ጋር የሚማሩ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ በአንድ መጋዘን ይሠራል። እስከ ዛሬ በስልክ ብቻ ነበር የሚገናኙት። እናቱ ማንበብ መጀመራቸውን ሲሰማ ደብዳቤ ጻፈላቸው።

እናት ወረቀቱን ይዘው መጡ። «ልጆቼ፣ አንብቡልኝ» አሉን። «እማማ፣ እርስዎ ያንብቡ፤ እኛ እንሰማለን» አልናቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ግን ጨረሱት።

የደብዳቤው ነገር ይህ ነው። ልጁ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ከገጠር ወስዶ አብሮ ለመኖር ፈልጓል። ሁለት ቤት አይቷል። አንዱ ኮልፌ ነው። ጠባብ ነው፤ ኪራዩ በወር 4,500 ብር ነው። ከሥራው ግን በእግር 25 ደቂቃ ብቻ ይርቃል። ሁለተኛው ሰበታ ነው። ሰፋ ያለ ነው፤ ግቢ አለው፤ ኪራዩ 2,500 ብር ነው። ሁለቱም አከራዮች የሦስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ። «እማዬ፣ የቻልሽውን እርጂኝ፤ የትኛው ይሻላል?» ይላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሰበታው ቅድሚያ 7,500 ብር ነው። አንድ በግ ቢሸጡ ይሞላል። የኮልፌው 13,500 ብር ነው። ለዚያ ጊደሯ መሸጥ አለባት። ጊደሯ ደግሞ ለከርሞ ትወልዳለች። የቤቱ ወተት ተስፋ እሷ ናት።

እኛ አስተማሪዎቹ ከተማ ያደግን ነን። ቸኩለን መለስን። «እማማ፣ ሰበታ እኮ ቅርብ ናት። በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ መሀል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። በወር 2,000 ብር ይተርፈዋል። በጓን ይሽጡ፣ ጊደሯ ትቆይ» አልን።

እናት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ። «እኔ ስዳር የተሰጠን ቦታ መሬቱ ጥሩ ነበር። ምንጩ ግን ሩቅ ነበር። ሰው ሁሉ ‘ታደላችሁ’ አለን። እኔ ግን ሃያ ዓመት ውሃ ስቀዳ ኖርኩ። ያን መንገድ ማን ቆጠረልኝ?»

ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ። እኛም አፈርን። ኪሎ ሜትሩን ነግረናቸው ነበር። ሰዓቱን ግን አልቆጠርንም። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁላችንም አብረን ቆጠርን።

መጀመሪያ መንገዱን ከበር እስከ በር ከፋፈልነው።

ከቤት ወጥቶ ታክሲ እስኪደርስ በእግር፦ 15 ደቂቃ።
ተሰልፎ መጠበቅ፦ 25 ደቂቃ።
ከሰበታ እስከ ጦር ኃይሎች፦ 50 ደቂቃ።
ወርዶ ሌላ ታክሲ መጠበቅ፦ 15 ደቂቃ።
ከጦር ኃይሎች እስከ መርካቶ፦ 15 ደቂቃ።

ድምሩ 120 ደቂቃ ነው። ይኸውም 2 ሰዓት ነው። መመለሻው ሲጨመር በቀን 4 ሰዓት ይሆናል። በወር 26 የሥራ ቀን አለ። 4 በ26 ሲባዛ 104 ሰዓት ነው።

የኮልፌውስ? በእግር 25 ደቂቃ መሄጃ፣ 25 ደቂቃ መመለሻ፤ በቀን 50 ደቂቃ። በወር 1,300 ደቂቃ፤ ማለትም 21 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ልዩነቱ ከ82 ሰዓት ይበልጣል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ይህ የ10 ቀን ሥራ ነው። በየወሩ 10 የሥራ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ቀጥለን ብሩን ቆጠርን። ልጁ እንደጻፈው ከሰበታ መርካቶ ለመድረስ 35 ብር ያወጣል። ደርሶ መልስ 70 ብር። በ26 ቀን 1,820 ብር። ኪራዩ 2,500 ሲደመርበት 4,320 ብር ይሆናል። የኮልፌው 4,500 ብር ነበር። እንግዲህ ልዩነቱ 2,000 ብር አይደለም። 180 ብር ብቻ ነው።

ከክፍላችን አንድ አባት ሳቁና «እንዴ! ለ180 ብር ብሎ ነው አሥር ቀን የሚሸጠው?» አሉ። ሌላዋ ተማሪ ግን ተቃወሙ። «በጠባብ ቤት ሕፃን ማሳደግስ? ግቢ ያለው ቤት ለምራትየው ይሻላል» አሉ። እናት መልሰው «ልጁ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ሲወጣ ሕፃኑ ተኝቷል። ሥራ ለቆ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲገባም ተኝቷል። ታዲያ አባቱን መቼ ሊያውቀው ነው?» አሉ።

አንባቢዎቻችን፣ ሁሉም እውነት ተናግረዋል። ሒሳብ መንገዱን ያሳየናል እንጂ ስለ እኛ አይመርጥም።

እዚህ ላይ ስለ ከተማው ጥቂት እንበል። አዲስ አበባ ወደ ዳር ስትሰፋ ኖራለች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው በዕጣ ለሰው ተሰጥተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ ጀሞ፣ እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ የዳር ሰፈሮች ናቸው። ዕጣ የወጣለት ሰው በደስታ ገባ። የብዙው ሰው ሥራ ግን መሀል ከተማ ቀረ። ጠዋት ሁሉም ባንድ ሰዓት ወደ መሀል ይጎርፋል። ማታም ባንድ ሰዓት ወደ ዳር ይመለሳል። ሰልፉ የሚረዝመው ለዚህ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ። አንዱ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ነው፤ ሌላው ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ባቡር በመኪና ብዛት አይዘጋምና ለብዙ ሰው ረዳ። ይሁን እንጂ ሲጀመር 41 የነበሩት ባቡሮች ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ስለዚህ ሐዲድ አጠገብ ቤት አገኘሁ ማለት ብቻውን አይበቃም። ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ሲመጣም ቦታ እንዳለው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። እናት መልሱን ራሳቸው ጻፉ። እኛ ሁለት ፊደል ብቻ አረምን። ደብዳቤው አጭር ነበር። «ልጄ፣ ብር ከመክፈልህ በፊት ሰበታ አንድ ቀን እደር። ሰኞ ጧት ከዚያ ተነስተህ ሥራህ ሂድ። ማታም ተመለስ። ሰዓቱን ጽፈህ ላክልኝ። እሁድ እንዳትሞክር፤ እሁድ መንገድ ይዋሻል። በመሀልም ሌላ ቤት ካለ እይ» የሚል ነው።

በዚህ ሳምንት መልስ መጣ። ልጁ እንደታዘዘው አደረገ። ጧት በትክክል 2 ሰዓት ፈጀበት። ማታ ግን 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሆነበት። ዝናብ ጥሎ ነበርና ታክሲ ጠፋ። ከዚያ በመሀል ፈልጎ አየር ጤና ላይ አንድ ቤት አገኘ። ኪራዩ 3,600 ብር ነው። መርካቶ የሚያደርሰው አንድ ታክሲ ነው፤ 15 ብር ያስከፍላል። ከበር እስከ በር 55 ደቂቃ ነው። ታክሲው በወር 780 ብር ይሆናል። ከኪራዩ ጋር 4,380 ብር ማለት ነው። ከሰበታው በ60 ብር ብቻ ይበልጣል። ማታ ግን ሕፃኑ ሳይተኛ ቤቱ ይገባል።

እንከን የለውም አንልም። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ምራትየው በማይመጣበት ቀን በጄሪካን ማጠራቀም አለባት። እናት ይህን ሲያነቡ ፈገግ አሉና «እሷም እንደኔ ውሃ አገኛት» አሉ። ቅድሚያው 10,800 ብር ነው። በአንድ በግ አይሞላም። እናት ሁለት በግ ሊሸጡ ወስነዋል። ጊደሯ ቆይታለች።

አንባቢዎቻችን፣ ከእናንተም ልጁ ከተማ የገባ፣ ወይም ራሱ ሊገባ ያሰበ አይጠፋም። ቤት ስትመርጡ እነዚህን አትርሱ።

1ኛ. መንገድን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ቁጠሩ። ከበር እስከ በር ቁጠሩ።
2ኛ. ተሰልፎ መጠበቅም ጊዜ ነው። ደምሩት።
3ኛ. ኪራይንና የታክሲን ብር አንድ ላይ ደምራችሁ አወዳድሩ።
4ኛ. በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ራሳችሁ ሞክሩት። የደላላን ወሬ አትመኑ።
5ኛ. ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ የሁለቱንም መንገድ ቁጠሩ። ሚስት ሰበታ ፋብሪካ ሥራ ብታገኝ ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር።

ለመወያያ

ሀ. ከቤታችሁ እስከ ምንጭ ስንት ደቂቃ ነው? በወር ስንት ሰዓት ይሆናል? ደብተራችሁ ላይ አስሉ።
ለ. እናት ጊደሯን ሸጠው ኮልፌ ቢያስገቡት ይሻል ነበር ትላላችሁ? ለምን?
ሐ. ከተማ ላለ ዘመድ አምስት መስመር ደብዳቤ ጻፉ። መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ጠይቁት።

በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ። ደህና ሰንብቱ።