ካርቶኑ ላይ ያለው ዋትና ጆሮ ላይ የሚደርሰው ዋት

ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እንጦጦን አቋርጦ ሱሉልታ የሚገባው መንገድ የመኪና ሙዚቃ ገበያን ለመታዘብ ከመርካቶ ሱቅ የተሻለ ቦታ ነው። ጠዋት ወደ ከተማ የሚወርዱት ቪትዝ፣ ኮሮላና ሚኒባሶች፣ ወደ ጎጃም የሚወጡት አይሱዙና ሲኖትራኮች ሁሉም በዚሁ መስመር ያልፋሉ። ዳር ቆሞ ከየመኪናው የሚወጣውን ድምፅ ያዳመጠ ሰው፣ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት ድምፅ ውስጥ ቀላል የማይባለው ሙዚቃ ሳይሆን የበርና የታርጋ መንቀጥቀጥ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ነገሩን እንደ ወጣቶች ቅብጠት ብቻ ቆጥሮ ማለፍ ግን ስህተት ነው። ፋብሪካው የገጠመውን ቴፕ መቀየር በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከችግር ነው። ጃፓን ውስጥ ለኤፍ ኤም ሥርጭት ለረጅም ዘመን ተመድቦ የኖረው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ነበር። ለዚያ አገር ገበያ ተሠርቶ፣ በዱባይ በኩል መሪው ወደ ግራ ተዛውሮለት አዲስ አበባ የገባ መኪና ሬዲዮው ከ90 በላይ አይወጣም። ኤፍ ኤም አዲስ ያለው 97.1 ላይ ነው፤ ፋና 98.1፤ ሸገር 102.1። ስለዚህ ባለመኪናው የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ይሆናል። ሞገድ የሚያወርድ ትንሽ መሣሪያ ካላስገባ በቀር ቴፑን መንቀሉ የግድ ነው።

ችግሩ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ዳሽቦርዱ ተከፍቶ ሳለ ኤሌክትሪሺያኑ «ጋሼ፣ ቴፑ ከተቀየረ አይቀር ስፒከሮቹም ይቀየሩ እንጂ» ይላል። ስፒከሩ ከተቀየረ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። አምፕሊፋየር ከገባ ደግሞ ገበያው በአጭሩ ዉፈር የሚለው ትልቁ የወፍራም ድምፅ ሳጥን ከኋላ ካልተቀመጠ ሥራው ጎደሎ ይባላል። አንድ የዜና ሰዓት ለመስማት የተጀመረ ወጪ በግማሽ ቀን ሦስትና አራት እጥፍ ያድጋል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ገዢው የሚያወዳድርበት መለኪያ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው የዋት ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ያስኬዳል? ሒሳቡ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አያልፍም። ሞተር ሲነሳ በመኪናው መስመር ላይ ያለው ኃይል 14 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ቮልት የሚሠራ ተራ ቴፕ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ንጹሕ ድምፅ ሳይበላሽ ሊያወጣ የሚችለው፣ ምንም ብክነት የለም ተብሎ ቢታሰብ እንኳን፣ 25 ዋት አካባቢ ነው። በተግባር ከ15 እስከ 20 ዋት ቢያወጣ ነው። ፊቱ ላይ ግን «4 ጊዜ 50 ዋት» ተብሎ ይታተማል። ያ ቁጥር ለቅጽበት የሚደርስበት፣ ድምፁ ተጨማድዶ የሚወጣበት ጫፍ እንጂ ሰው የሚያዳምጥበት ልክ አይደለም። የሚያዳምጡበት ልክ በባለሙያዎች ዘንድ አር ኤም ኤስ የሚባለው ነው፤ እሱ ካርቶኑ ላይ ቢገኝም በትንንሽ ፊደል፣ ከጎን ነው።

ለነጋዴ አንባቢ ይበልጥ የሚገርመው ግን ሌላው ሒሳብ ነው። ዋት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ከፍታ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ይህን የሚያስተውለው «ትንሽ ከፍ አለ» ብሎ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ20 ዋት ወደ 200 ዋት መሄድ ማለት ነው። ኢኮኖሚስቶች እየቀነሰ የሚሄድ የተጨማሪ ጥቅም ሕግ የሚሉትን በዚህን ያህል ግልጽነት የሚያሳይ ሸቀጥ ማግኘት ያዳግታል፤ የመጀመሪያዋ ብር ብዙ ትሠራለች፣ የመጨረሻዋ ግን ምንም ያህል አትሠራም። በአንጻሩ ስፒከር ራሱ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለው። 87 ዴሲቤል ያለው ስፒከር በ40 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 90 ዴሲቤል ያለው በ20 ዋት ይሰጣል። አምፕሊፋየር ሳይገዙ ኃይልን ማጠፍ ማለት ይህ ነው። ይህን ቁጥር የሚጠይቅ ገዢም ሆነ የሚናገር ሻጭ ግን እምብዛም አይገኝም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ መጥፎው ሸቀጥ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል። በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋራበትም ሥራ ይኸው ነው። በመኪና ድምፅ ንግድም እውነተኛ 60 ዋት ያለውን አምፕሊፋየር «60» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ያንኑ ወይም ያነሰውን «1,000» ብሎ ከሚያቀርበው ጎረቤቱ ጋር ሲተያይ ሞኝ ይመስላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ከቀረበት በኋላ እሱም ባለ 1,000ውን ያዛል። ገዢው የተጎዳው ያህል ታማኙ አስመጪም ተጎድቷል።

ዶላር በርካሽ በሚገኝበት ጊዜ ይህ ስህተት ይቻል ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ግን አይቻልም። በዚያ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዱባይ በ100 ዶላር የሚገዛ አምፕሊፋየር በባንክ ተመን 5,700 ብር ገደማ ይፈጅ የነበረው፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይደመር ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ውሸት የተጻፈበት ካርቶንም በዚያው ልክ ተወደደ።

ሱሉልታ ላይ ነገሩ ከኪስ አልፎ ወደ ሥራ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለለችው ይህች ከተማ የጎጃም መንገድ በር ናት። የአይሱዙ ኤን ፒ አርና የሲኖትራክ የኤሌክትሪክ መስመር 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ይሠራሉ። ለቤት መኪና የተሠራው ቴፕና አምፕሊፋየር ግን የሚፈልገው 12 ቮልት ነው። ትክክለኛው መንገድ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ መግጠም ሲሆን፣ አቋራጩ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ መስመር መሳብ ነው። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላቸው፣ ሙዚቃው የሚበላው ባትሪ ሁልጊዜ እንደ ጎደለ፣ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ እየተሞላ ይኖርና ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። በጫንቾ፣ በፍቼና በጎሐ ጽዮን አልፎ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ባለ ጭነት መኪና ሌሊት ቆሞ ጠዋት አልነሳም ሲል ጥፋቱ የሚጣለው በባትሪ ሻጩ ላይ ነው። የመቀየሪያው ዋጋ ከሁለት ባትሪዎች ዋጋ ጋር፣ ከቀረው የጭነት ኪራይ ጋርም ይነጻጸር።

ትንንሾቹ መኪኖችም ከዚህ አላመለጡም። 500 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ ጥሩ አምፕሊፋየር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 45 አምፔር ያህል ይስባል። የአንዲት ትንሽ መኪና ዲናሞ ጠቅላላ አቅሙ ከ60 እስከ 80 አምፔር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ላይ መብራቱም፣ ማራገቢያውም፣ ሞተሩ ራሱም ይካፈላሉ። ባለ አንድ ሊትሯ ቪትዝ ባሕር ዳርቻ ላይ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ቢኖራት፣ አየሩ በሳሳበት በእንጦጦ ዳገት ላይ ሩቡን ያህል ታጣለች። ያን አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ከፍቶ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ከቀረው ጉልበት ላይ አንድ ተኩል ያህል ፈረስ ለዉፈሩ ይከፍላል። እውነት ነው፣ ሙዚቃ በአማካይ የሚወስደው ከዚህ ብዙ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ማታ የፊት መብራቱ በከበሮው ምት ልክ ፈዘዝ ደመቅ የሚልባቸው መኪኖች በዚህ መስመር ላይ አልጠፉም።

ስለ ሽቦ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም፤ እሳት የሚነሳው ከዚያ ነውና። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ወፍራም ገመድ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ይህ ከመዳብ የሚሸከመው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በመዳብ ልክ የተመረጠ ውፍረት ይሞቃል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጫፉ በምላጭ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ፊውዙ ደግሞ ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ መቀመጥ አለበት። አምፕሊፋየሩ አጠገብ፣ ከኋላ የተቀመጠ ፊውዝ በመካከል ያለውን የአራት ሜትር ሽቦ አይጠብቀውም። ይህን የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን የለም ማለት ይቻላል፤ የማይሠራው ደንበኛው ለፊውዝ የሚከፍል ስለማይመስለው ነው።

ድምፅ የተሻሻለለት መኪና ሲሸጥ ዋጋው ይጨምራል የሚለው እምነትም ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የመኪና ደላላ የመጀመሪያ ጥያቄ «ተነካክቷል ወይ?» የሚል ነው። የተቆረጠ የፋብሪካ ሽቦና የተቦረቦረ በር ያየ ገዢ ሞተሩም እንዲሁ ተነካክቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል፣ ዋጋም ያወርዳል። ስለዚህ ለድምፅ የወጣ ብር እንደ ፍጆታ ይቆጠር፤ እንደ ምሳ። ሽቦ ሳይቆረጥ በሶኬት አስገጥሞ የፋብሪካውን ቴፕ ከነስፒከሩ በካርቶን ያስቀመጠ ሰው በሽያጩ ቀን መልሶ ይገጥመዋል፣ የራሱንም ዕቃ ወደሚቀጥለው መኪና ይዞ ይሄዳል።

በጀቱ ውስን ለሆነ ሰው ቅደም ተከተሉ ሻጮች ከሚሉት ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያ ሁለት የፊት ስፒከሮች፣ ሴንሲቲቪቲያቸው ከ90 ያላነሰ። ቀጥሎ የበሩን ቆርቆሮ ከውስጥ በማፈኛ ምንጣፍ ማልበስ፤ ከዋጋው አንጻር የዚህን ያህል የሚክስ ሥራ የለም፤ የታርጋውም መንቀጥቀጥ ከዚሁ ወገን ነው። ከዚያ በኋላ አልጠገብኩም ያለ አነስተኛ አምፕሊፋየር ይጨምር። ዉፈር የመጨረሻው ነው፤ ብዙው አድማጭ እዚያ ሳይደርስ ይረካል።

መንግሥትም የሚሠራው አለው። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር በ2003 እ.ኤ.አ. ሲኢኤ 2006 የተባለ የፈቃደኝነት መለኪያ አውጥቶ፣ ዋት የሚለካው በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ ከ1 በመቶ ባልበለጠ የድምፅ መዛባት እንዲሆን ወስኗል። በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ካርቶን ላይ የታተመ ውሸት ከማስታወቂያ በምን ይለያል? የደረጃዎች ኢንስቲትዩት ይህን መለኪያ ተውሶ ቢያውጅ ላቦራቶሪ መገንባት እንኳን አይጠበቅበትም፤ አስመጪው ቁጥሩን በዚያ ሚዛን እንዲጽፍ ማስገደድ ይበቃል። እስከዚያው ድረስ ሱቁ ውስጥ አንድ ባትሪና አንድ የአምፔር መለኪያ አስቀምጦ ደንበኛው ፊት ዕቃውን እየለካ የሚሸጥ፣ በደረሰኙም ላይ ዋስትና የሚጽፍ ነጋዴ ከጎረቤቶቹ ይለያል። አከርሎፍም መድኃኒት ካላቸው ነገሮች አንዱ ዋስትና ነበር።

ጊዜውም እየተቀየረ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወደ አገር የሚገባው አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ሆኗል። እነዚህ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም፤ የ12 ቮልት መስመራቸው ከትልቁ ባትሪ በመቀየሪያ በኩል ተለክቶ የሚመጣ ነው። ቴፕ የሚባል የሚነቀል ዕቃም የላቸውም፤ ሬዲዮው፣ ካሜራውና ማቀዝቀዣው በአንድ ስክሪን ላይ ተጠቅልለዋል። እዚያ የሚሸጠው ከስፒከሩ መስመር ድምፅ ተቀብሎ የሚያጎላ ትንሽ አምፕሊፋየርና ጥሩ ስፒከር ነው። ሶማሌ ተራ ላለው ሱቁ ኮንቴይነር የሚያዝ አስመጪ ለቪትዝ ዳሽቦርድ የተሠራ የቴፕ ፍሬም በብዛት ከማስጫኑ በፊት አንድ ጠዋት ሱሉልታ መውጫ ላይ ቆሞ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ከተማ የሚወርዱትን መኪኖች ቢቆጥር ያዋጣዋል።