መንኮራኩሯን አቆሽሿት

የጀማሪ አኒሜተር የጠፈር ትዕይንት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንኮራኩሯ አሁን ከካርቶን እንደወጣች መጫወቻ ታብረቀርቃለች። እንደ ዝንብ ሽው ብላ ታልፋለች። ከኋላዋ ከዋክብቱ እንደ ገና ዛፍ መብራት ቦግ ብለዋል። ሠሪውን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ኮምፒውተሬ ደካማ ነው»።

እኔ አልቀበለውም። ችግሩ ከማሽኑ ሳይሆን ከዓይናችን ነው።

«ስታር ዋርስ» እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ መንኮራኩሮቹ በእጅ የተገጣጠሙ ሞዴሎች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ከሱቅ የተገዙ የፕላስቲክ ታንኮችን ክፍሎች እየለቀሙ በላያቸው ለጠፉ፤ ከዚያም ቀለሙን ሆን ብለው አቆሸሹት። ብዙ አገር የዞሩ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ብርሃን። ጠፈር ላይ ብርሃን የሚበትን አየር የለም። ፀሐይ የመታው ጎን ቦግ ይላል፤ ጥላው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ጀማሪው ግን ሁሉም ነገር እንዲታይለት አምፖል በአምፖል ላይ ይደረድራል። አንድ ፀሐይ ይበቃል! ከዋክብቱንም ቀንሱ። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ባነሷቸው ፎቶዎች ሰማዩ ጥቁር ነው፤ ካሜራው ፀሐይ ለመታው መሬት ስለተስተካከለ የከዋክብቱን ደካማ ብርሃን አልያዘም።

ፍጥነትስ? ሰፈር የምታክል መንኮራኩር እንደ ሚኒባስ ታክሲ እጥፍ ካለች ማን ትልቅ ናት ብሎ ያምናል? ቀስ ትበል። ጎኗ ላይ ጥቃቅን መስኮቶች ደርድሩ፤ ዓይን መጠንን የሚለካው በሚያውቀው ነገር ነው።

አንዳንዱ «ልብ ወለድ አይደል እንዴ?» ይላል። ነው። «ስታር ዋርስም» ድምፅ በማይተላለፍበት ጠፈር ፍንዳታ አሰምቶናል። ግን አውቆ መዋሸትና ሳያውቁ መሳሳት ለየቅል ናቸው።

የሚያናድደኝ ጎበዝ ልጆች «ጥሩ ማሽን ሳገኝ እቀጥላለሁ» እያሉ ሥራውን መተዋቸው ነው። ደካማ ማሽን አንዷን ፍሬም ለመጨረስ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ብሌንደር በነጻ ይገኛል፤ ዝግታ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ መብራትም ከአሥር መብራት ይልቅ ለማሽኑ ይቀለዋል።

እስቲ ነገ መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ አይሱዙ ተመልከቱ። ዝገቱ ከየት ይጀምራል? ቀለሙ የተላጠው የቱ ጋ ነው? ሰው እጁን ደጋግሞ የሚያሳርፍበት ቦታስ ምን መስሏል? ያንን ይዛችሁ ወደ ጠፈር ውጡ።