ቅባት የማያድነው ቆዳ



ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም እዚህ አዳማ «ሲስተር» እያሉ በሬን የሚያንኳኩ ጎረቤቶች አልጠፉም። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። የልጁ እናት ያለችው መቂ ነው፤ አራስ ስለሆነች ልጁን ለአያቱ ልካዋለች።

«ሲስተር፣ ቆዳው እየተላላጠ አስቸገረኝ። ቫዝሊኑም ቅቤውም አልያዘለትም። ጥሩ ቅባት ካለ ንገሪኝ» አሉኝ። ቀጠሉና «በምግብስ አይታማም፤ እግሩን እዪልኝ እንዴት እንደወፈረ!»

እኔም ያሳሰበኝ እግሩ ነበር። የሁለቱንም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆየሁ። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ውፍረት ሳይሆን እብጠት ነው። ጭኑ ላይ ቆዳው ጠቁሮ እንደ አሮጌ ቀለም ይቀረፋል። ጸጉሩ ሳስቶ ቀላ ብሏል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ዝምታው ነው፤ የማያውቀው ሰው ሲነካካው አላለቀሰም።

በሽታው ክዋሺዮርኮር ይባላል። ስሙን ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው በዛሬዋ ጋና ትሠራ የነበረች ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም ናት። ቃሉ ከጋ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ ታናሽ ሲመጣበት ከጡት የተፈናቀለን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስትጽፍም በሽታውን ከበቆሎ ምግብ ጋር አያይዛው ነበር። በቆሎ የእኛም የስምጥ ሸለቆ ሰዎች እንጀራ ነው። ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ግን ልጅ አያሳድግም። ከመቂና ከባቱ ቲማቲሙ፣ ፓፓያው፣ ዓሣው በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የአምራቹ ልጅ ባዶ የበቆሎ ገንፎ በሻይ ሲያወራርድ ብዙ አይቻለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ይህን የመሰለ ልጅ መጥቶልኝ ለቆዳው ቅባት ሰጥቼ ሸኝቻለሁ። እግሩን አልተጫንኩም። ልጁም ተመልሶ አልመጣም። ዛሬም የልጅ ቆዳ አሳዩኝ ሲሉኝ መጀመሪያ ካልሲውን የማወልቀው ለዚህ ነው።

እግሩ ያበጠን ልጅ ቤት ውስጥ አብልቼ አድነዋለሁ አትበሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ መመገቡ ራሱ ሊጎዳው ይችላል። የሽንት ማሸኛ ኪኒንም ገዝታችሁ እንዳትሰጡ። በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እብጠት ለሌለበት፣ ቆዳው እንዲሁ ለደረቀ ልጅ ግን ሥራው ማድቤት ነው። የበቆሎውን ዱቄት ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ዱቄት ጋር መጥኑት። ገንፎው ላይ እንቁላል ወይም ወተት ጨምሩበት፤ ዓሣ ካገኛችሁ እሾሁን በደንብ ለቅማችሁ ስጡት። ካሮትና ጎመን ደህና አድርጎ ቀቅሎ መፍጨት ነው፤ ጠብታ ዘይት አትርሱ፣ በውስጣቸው ያለውን ቫይታሚን ኤ ሰውነት የሚቀበለው በቅባት ነው። ፓፓያ ደግሞ እዚሁ ደጃችን አለ። እናት አርግዛለች ተብሎ ጡት በድንገት ማስጣልም ይቅር።

በጾም ወራት «ድስቱ ይነካካል» እየተባለ የሕፃኑ እንቁላል የሚቀርበት ቤት አውቃለሁ። ሕፃን ጾም የለበትም። አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻው ይኑረው፤ አያቶች በዚህ ነገር እናንተ ከተናገራችሁ ምራቶቻችሁ ይሰማሉ።

ያንን ልጅ በባጃጅ ይዘነው ሄድን፤ አስተኝተው አከሙት። በሳምንቱ አያቱ ደነገጡና ደወሉልኝ።

«ሲስተር፣ ጉድ ሆንኩ! ልጁ ይባስ ከሳብኝ፤ ሚዛኑም ቀነሰ!»

«እማማ፣ ውሃው ወጥቶለት ነው» አልኳቸው። «ለመሆኑ ሲነኩት ያለቅሳል?»

«ኧረ ጎረቤት እስኪሰማ!»