የልጁ ፋይል የት ነው ያለው?

አንድ የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት በአንድ ወረዳ አምስት ዓመት ሠርቶ ሲወጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። «ስትደግፏቸው የነበሩት ልጆች ፋይል አሁን በማን እጅ ነው?» የተረካቢውን ስም፣ የተረከበበትን ቀንና የተቀመጠበትን ክፍል ከነገሯችሁ ደህና ሠርተዋል ማለት ነው። «ለወረዳው አስረክበናል» ብቻ ካሏችሁ ደግሞ ወረዳው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ለዘገባ በሄድኩባቸው ቦታዎች የገጠመኝ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የርክክብ ቃለ ጉባኤ አለ። ፎቶ አለ። የልጆቹ ቁጥር በወንድና በሴት ተከፍሎ አለ። ፋይሉ የለም።

ፋይል ፋይል የምለው ወረቀት ወድጄ አይደለም። ወላጆቿን ያጣች የ11 ዓመት ልጅ ፋይል ውስጥ ምን እንዳለ አስቡት። ከአክስቷ ጋር እንደምትኖር፣ አክስቷ ጉሊት እንደምትሸጥ፣ አምና ሁለት ወር ከትምህርት ቤት የቀረችው ለምን እንደሆነ፣ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ፣ ታናሽ ወንድሟ ማን ጋር እንዳለ፣ የእናቷ ቤት በማን ስም እንደቀረ። ይህን ለማወቅ አንድ ሶሻል ወርከር ወይም የሰፈር በጎ ፈቃደኛ ቤቷ ደጋግሞ ሄዷል፣ ቡና ጠጥቷል፣ ታምኗል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሰውየው ሥራ ይፈታል፣ ፋይሉ ካርቶን ውስጥ ገብቶ መጋዘን ይወርዳል። ሌላ ድርጅት ሲመጣ ልጅቷ እንደ አዲስ ሰው ትመዘገባለች። የእናቷንም ሞት ለማታውቀው ሰው ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ትተርካለች።

ሌላም ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ5 ዓመት በታች ከነበሩት ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ዛሬ 12 እና 15 ዓመት የሞላቸው ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለስንቱ ወላጅ አልባ ልጅ፣ ማን እንደሆነና ከማን እንደተወለደ የሚናገረው ብቸኛ ወረቀት ያ ካርቶን ውስጥ የገባው ይሆን?

ሥራው በሰነድ ላይ ሲታይ እንዲህ የሚበተን አይመስልም። ድርጅቱ ከክልሉ ወይም ከከተማው ቢሮዎች ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ይፈራረማል። አንዱ ቢሮ ገንዘቡን፣ ሌላው ሥራውን እንዲከታተል ይደረጋል። በየጊዜው ሪፖርት ይገባል፣ ግምገማ ይጠራል (ውሎ አበሉ ሳይረሳ)። «ማህበረሰብ» የሚለው ቃል በየገጹ ሞልቷል። የፊርማው ገጽ ላይ ሲደረስ ግን ማህበረሰቡ የለም። የሚፈርሙት ገንዘብ ያለውና ማህተም ያለው ናቸው። ልጁ በረሃብ ተኝቶ ከሆነ ሌሊት በሩን የምታንኳኳው ጎረቤት በሰነዱ ውስጥ ያላት ስም «ባለድርሻ አካል» ነው።

መንግሥትና ድርጅቶች እንዲህ በጎሪጥ እየተያዩ መሥራት የለመዱት በአንድ ቀን አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ደብተር ማደል ይቻላል፣ ስለ ልጁ መብት መናገር ግን አይቻልም። የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ አይበልጥ የሚለው ድንጋጌ ደግሞ በአፈጻጸም መመሪያው የባለሙያ ደመወዝና የትራንስፖርት ወጪን ሳይቀር በአስተዳደር ስር አስቆጠረ። ይህን ያነሳሁት ያለፈ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ቤት ለቤት የሚሄድ ሶሻል ወርከር «አስተዳደር» ተብሎ ሲቆጠር ድርጅቶች የተማሩት ነገር ስላለ ነው፦ የሚታደል ዕቃ አብዙ፣ የሚያውቅ ሰው ቀንሱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የመብቱን እገዳ አነሳ፣ የአስተዳደር ወጪውንም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ትርጓሜውን አስተካከለ። ሕጉ ተለወጠ። የዕቃው ልማድ ግን ዛሬም አለ። አንድ ሰፈር ውስጥ ከሦስት ድርጅት ሦስት ቦርሳ የደረሰው ልጅና አንድም ያልደረሰው ልጅ ጎን ለጎን የሚኖሩት፣ ሦስቱም ድርጅቶች ያንኑ ልጅ «የእኔ ተጠቃሚ» ብለው በየሪፖርታቸው ስለሚቆጥሩት ነው። አንድ የጋራ መዝገብ ቢኖር ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚታይ ነገር ነበር።

«መዝገቡንማ መንግሥት ይያዘው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ መያዝ ያለበት እሱ ነው። ግን መንግሥት የምንለው ቢሮ ራሱ በአንድ ስም አይረጋም። በ1998 የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። በ2003 የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሆነ። በ2008 ወጣቶች ወጡና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ተባለ። በ2011 ወጣቶች ተመለሱ። በ2014 የሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆነ፣ «ሕፃናት» የሚለው ቃልም ከስሙ ወጣ። ከላይ ስም ሲቀየር እስከ ታች ሰሌዳና ማህተም ይቀየራል፣ ቢሮ ይዛወራል፣ ባለሙያ ይመደባል፣ ይነሳል። በአምስት ዓመት ፕሮጀክት መጀመሪያ ላይ የፈረመው ኃላፊ በመዝጊያው ቀን ወንበሩ ላይ ካለ ዕድለኞች ነን።

እድሩ ግን አለ። አብዛኛው ሰፈር ውስጥ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ስም የቆየ እድር አለ፣ የእድሩ ጸሐፊም መዝገቡን ያውቀዋል። ልጁ ወላጅ አልባ መሆኑን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እድር ነው፣ ድንኳኑን የተከለው እሱ ነዋ! ከቀብር መልስ ልጆቹን ማን እንደወሰዳቸው፣ ቤቱን ማን እንደዘጋው ያያል። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ለሕፃናትና ለታማሚዎች ድጋፍ ሲያደርጉ ድርጅቶች ደግፈዋቸዋል፣ ጥሩም ተሠርቷል። ነገር ግን እድሩን የያዙት እንደ ጉልበት ነው። «ልጆቹን መልምሉልን፣ አዳራሹን ስጡን» ይሉታል። ምልመላው ላይ የሰፈሩን ስድብ የሚቀበለው የእድሩ ሰብሳቢ ነው፣ ገንዘቡ ለምን እንደቆመ ግን የሚነግረው የለም።

ፋይል በማን እጅ እንደሆነ ግድ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል በጉዲፈቻው ዘመን አይተናል። በ2010 እ.ኤ.አ. የበጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2 ሺህ 500 የሚበልጡ ልጆች ሄደዋል። ሚኒስቴሩ በ2003 ዓ.ም. በቀን እስከ 50 ይመለከት የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገ፣ ምክንያቱም ሰነዶቹን በወጉ ለማጣራት ጊዜ አልነበረም። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ከለከለ። ዛሬ አድገው እናታቸውን ፍለጋ የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ በፋይላቸው «ሞታለች» ተብላ የተጻፈች እናታቸውን በሕይወት ያገኙም አሉ። ያኔ ወረቀቱን ድርጅት ያዘጋጅ ነበር፣ ፍርድ ቤት ያጸድቅ ነበር። ጎረቤት ግን አልተጠየቀም።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በአንድ ጊዜ ሲያቆም ደግሞ ጉዳዩ የቢሮክራሲ ወግ መሆኑ ቀረ። አሜሪካ ለኢትዮጵያ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሰጠችባቸው ዓመታት ነበሩ። በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ፣ የሕፃናት ፕሮጀክቶችም «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። በሥርዓት ለመሸኘት እንኳ ጊዜ አልተሰጠም። እዚህ ላይ ዋሽንግተንን መውቀስ ቀላል ነው፣ የሚገባትም ነው። ለእኛ የቀረው ጥያቄ ግን በማግስቱ የትኛው ወረዳ ነው «እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ዝርዝሩ እነሆ» ማለት የቻለው የሚለው ነው።

ርክክብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ በበጎ አድራጎት ተጀመረ፤ የእናት ወግ ማህበር በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ችግረኛ ተማሪዎችን ይመግብ ነበር። በ2012 የትምህርት ዘመን የከተማው አስተዳደር ወሰደው። ሲወስደው ግን በቃለ ጉባኤ ብቻ አልነበረም። በጀት መደበ፣ የሚመራው ኤጀንሲ አቋቋመ፣ ምግቡን የሚያበስሉ እናቶችን አደራጀ። ዛሬ የሚመገቡት በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ስለ ወጥ ጥራትና ስለ እናቶቹ ክፍያ የሚነሳ ቅሬታ እንደሚኖር አውቃለሁ። ቢሆንም ቅሬታ የሚቀርብለት ቢሮ አለ፣ ልዩነቱም ይኸው ነው። በእርግጥ አዲስ አበባ ሀብታም ከተማ ናት፤ የአንድ ቆላ ወረዳ በጀት ከደመወዝ አያልፍም። ስለዚህ እያልኩ ያለሁት ወረዳው ሁሉንም ድጋፍ ይቀጥል አይደለም። ያ አይሆንም፣ ሰነድ ላይ መጻፉም ውሸት ነው። ልጆቹን ማወቁን ይቀጥል ነው።

ለዚህ ሐሳብ ከድርጅት ሠራተኞች የምሰማው ተቃውሞ ከባድ ነው። ፋይሉ የልጅ ምስጢር ነው ይላሉ። የተደፈረች ልጅ ታሪክ፣ የኤች አይ ቪ ውጤት፣ የቤት ውስጥ ድብደባ ለእድር ጸሐፊ ተሰጥቶ ሰፈር ቢሰማው ማን ይጠየቃል? እውነት ነው፣ እድር ሐሜትም ያለበት ቦታ ነው። ግን ምስጢር መጠበቅ ማለት ለሁሉም መዝጋት አይደለም። ምስጢሩ ያለበት ክፍል በወረዳው ባለሙያ እጅ፣ ተቆልፎ፣ ማን እንደከፈተው እየተፈረመ ሊቀመጥ ይችላል። እድሩ ዘንድ የልጁ ስም፣ የአሳዳጊው ስም፣ ትምህርት ቤቱና «ችግር ካየህ ለእገሌ ደውል» የሚል አንድ ገጽ ይበቃል። ሌሎች ደግሞ «ሰጥተናቸው ነበር፣ ካርቶኑ ሳይከፈት አይጥ በላው» ይላሉ። ይህንንም አምናለሁ። በመጨረሻው ሳምንት በፒክአፕ ተጭኖ የመጣ ካርቶን ማንም አይከፍተውም፤ የወረዳው ባለሙያ ልጆቹን አያውቃቸውማ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከሶሻል ወርከሩ ጋር ቤት ለቤት የሄደ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ የሚረከበው የሚያውቃቸውን ልጆች ነበር።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት የስምምነቱ መጀመሪያ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ የፊርማ ገጹ ላይ ይምጣ፣ ፕሮጀክቱ መቼና ለምን እንደሚያልቅ ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው። ፋይሉ ከመጀመሪያው ወር በሁለት ቅጂ ይያዝ፣ የቢሮውም ስም ሲቀየር የተረካቢው ስም አብሮ ይታደስ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም የፕሮጀክት መዝጊያ ሪፖርት ሲቀበል «ስንት ልጅ ተደገፈ» ከሚለው ጎን «የስንቱ ልጅ ፋይል ለማን ተላለፈ» የሚል አንድ መስመር ይጨምር። ሕግ ማሻሻል የሚጠይቅ አይመስለኝም፣ ቅጽ ማሻሻል ነው።

የሚከብደው የሰው ደመወዝ ነው። ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ልጆቹን የሚጎበኝ አንድ ሶሻል ወርከር ያስፈልጋል፣ ወረዳውም ለጋሹም «በጀት የለኝም» ይላሉ። የመዝጊያ አውደ ጥናት አዳራሽ፣ ምሳ፣ ባነርና አበል ተደምሮ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆን የሁለቱም ሒሳብ ሹሞች ቁጭ ብለው አስልተው ይንገሩን።