ሰማያዊውን ስክሪን ሳያነቡ ፎርማት ማድረግ ይብቃ!

ከጌዶ ወይም ከጎጆ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በከረጢት ተጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ተጭኖ አምቦ ይደርሳል። ችግሩ ባጭሩ ይነገራል፦ «ስንሠራበት ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል።» መልሱም ያጥራል፦ «ፎርማት ይፈልጋል፤ ነገ ኑ።»

በማግስቱ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይበራል። ሒሳብ ይከፈላል፤ ጠጋኙ ይመሰገናል። ብዙም ሳይቆይ ያው ሰማያዊ ስክሪን ይመለሳል። የማይመለሰው የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመምህሩ የውጤት መዝገብ፣ የቤተሰቡ የሰርግ ፎቶ ነው።

ይህ ልማድ ጥገና ተብሎ መጠራት የለበትም።

ሰማያዊ ስክሪን ዊንዶውስ ሥራውን ቢቀጥል መረጃ ሊበላሽ እንደሚችል ሲያውቅ ራሱን የሚያቆምበት መንገድ ነው። ሲያቆምም ምክንያቱን ይናገራል። ስክሪኑ ላይ የስህተት ስም ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜም ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሚኒደምፕ በሚባለው ቦታ አነስተኛ ፋይል ያስቀምጣል። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ጽሑፍ ሲደጋገም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ካለ ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። «ዌያ አንኮሬክተብል ኤረር» ካለ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሃርድዌሩ፣ ማለትም ወደ ፕሮሰሰሩ፣ ወደ ሙቀቱና ወደ ኃይል አቅርቦቱ ነው። አንዳንዴ ጥፋተኛው ድራይቨር በስሙ ተጠርቶ ይቀመጣል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እዚህ ግን በሽተኛው አልደበቀም፤ በግልጽ ተናግሯል። ያላዳመጠው ሐኪሙ ነው። ፎርማት ሲደረግ ደግሞ የተናገረውም ቃል አብሮ ይጠፋል። የተበላሸ ራም በፎርማት አይድንም። በአቧራ የታፈነ ፋንም እንዲሁ። እየሞተ ያለ ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ እንደገና መጫን ደግሞ መረጃውን ለማትረፍ የነበረችውን የመጨረሻ ዕድል ማባከን ነው።

ዓለም ይህን ትምህርት በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በትልቁ አይቶታል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ የተነሳ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆሙ። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፤ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። መፍትሔው ምን ነበር? ባለሙያዎች ምክንያቱን ካወቁ በኋላ፣ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነስተው ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ያ ሁሉ ኮምፒውተር ሳይነበብ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ምን ያህል መረጃ ይጠፋ ነበር?

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጉዳዩን የሚያከብደው መብራት ነው። ከጊንጪ እስከ ባኮ መብራት ድንገት መጥፋቱና ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለቱ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሃርድ ዲስክ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ፋይል ይበላሻል፤ ሲደጋገም ዲስኩም ፓወር ሰፕላዩም ይጎዳሉ። ስለዚህ «መብራት ስንት ጊዜ ይጠፋባችኋል? ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ አላችሁ?» ብሎ ያልጠየቀ ጠጋኝ ምርመራውን ገና አልጀመረም።

ጠጋኞችም የሚሉት አላቸው፤ መደመጥም አለበት። ደንበኛው ለምርመራ መክፈል አይወድም። «ራሙን ነቅዬ አንድ በአንድ ስፈትን ዋልኩ» ቢባል «ታዲያ ምን ሠራህ?» ይላል። ፎርማት ግን የሚታይ ሥራ ነው። አንዳንዴም በእርግጥ ያድናል፤ ችግሩ ቫይረስ ወይም የተበላሸ የሲስተም ፋይል ከሆነ። ሆኖም አንዳንዴ የሚሠራ መድኃኒት ለሁሉም በሽታ አይታዘዝም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከፎርማቱ በኋላ በፍላሽ የሚጫነው ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ነው። አክቲቬተሩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱ ይዘጋል፤ አፕዴቱ ይቆማል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድራይቨር ይገባል። የሚቀጥለው ሰማያዊ ስክሪን ዘር እዚያው ይዘራል።

ምርመራው ውድ አይደለም። የራም መፈተሻው፣ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ፣ ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣ ነው። የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎም ነጻ ነው። አቧራ ለማራገፍና ራሙን ነቅሎ አጽድቶ ለመመለስ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። መረጃን በሌላ ዲስክ ገልብጦ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ መቅደም ያለበት ሥራ ነው።

ደንበኛም መብት አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። «ምኑ ነው የተበላሸው? በምን አወቃችሁ? ፋይሌ የት ተገልብጧል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ላልቻለ ቤት ኮምፒውተርን ትቶ መሄድ አይገባም። ደንበኛውም በበኩሉ ለምርመራ የሚጠየቀውን ተገቢ ዋጋ ይክፈል።

በሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ቴክኖሎጂ የሚማረው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይህን ለጎረቤቱ ማስረዳት አያቅተውም። ከቤት መጀመር ይቻላል። ስክሪኑ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሲስተም ፋይሉር በሚለው ቅንብር ውስጥ አውቶማቲክ ሪስታርት የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው። ከዚያ ሰማያዊው ሲመጣ፣ ኮምፒውተሩ በከረጢት ከመጠቅለሉ በፊት፣ ጽሑፉን በስልክ ፎቶ ማንሳት። ጠጋኙ ያንን ፎቶ ሳያይ «ፎርማት» ካለ፣ ኮምፒውተሩን ይዞ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ነው።