የመጸው ወራት በሰሜን ተራሮችና በመተማ ቆላ፦ ሁለት ጉዞዎች በአንድ መንገድ

የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ የመጸው ወራት ሲገቡ በጎንደር ምድር ሁለት ተቃራኒ ጉዞዎች በአንድ ጊዜ ይጀመራሉ። አንደኛው ሽቅብ ነው። ጉም የተገፈፈላቸውን የሰሜን ተራሮች ለማየት የሚሹ ጎብኚዎች ወደ ደባርቅ ያመራሉ። ሁለተኛው ቁልቁል ነው። የደረሰውን ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋና ከወይና ደጋ ወረዳዎች የሚነሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ወደ ገንዳ ውሃ፣ መተማና ቋራ ይወርዳሉ። ሁለቱ ጉዞዎች ጎንደር ላይ ይገናኛሉ። የሁለቱም ስኬት የሚለካው መንገዱ ሰላም በመሆኑና ወቅቱን ጠብቆ በመዘጋጀት ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ እጅግ ያማረ ገጽታውን ይይዛል። አየሩ ይጠራል፤ ሜዳው በአደይ አበባና በልምላሜ ይሸፈናል፤ የጅንባር ፏፏቴ የክረምቱን ውሃ ገና አላጎደለም። ጎብኚው ከሳንቃበር ተነስቶ በግጭ በኩል ወደ ጨነቅ በእግሩ ሲጓዝ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ሲግጥ፣ ዋልያም በገደሉ አፋፍ ላይ ሲንቀሳቀስ ለማየት ይችላል። ከፍታ ለመውጣት የደፈረ ደግሞ ወደ ቧሂት ወይም ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ራስ ዳሽን ይዘልቃል። ሌሊቱ ብርቱ ቅዝቃዜ ስላለው ወፍራም ልብስና በቂ ስንቅ መያዝ ግድ ይላል።

ይህ መዝናኛ ለአካባቢው ነዋሪ የገቢ ምንጭ ነው። ወደ ፓርኩ የሚገባ እንግዳ አስጎብኚና ስካውት ይዞ ይጓዛል፤ ዕቃውን በበቅሎ ያስጭናል፤ ምግብ አብሳይ ይቀጥራል፤ በደባርቅ ያድራል። በመሆኑም አንድ ጎብኚ የሚያወጣው ገንዘብ በአንድ ድርጅት እጅ ሳይቀር ወደ በርካታ ቤተሰቦች ይደርሳል። የወቅቱ አጭርነት ግን ፈተና ነው። የጥቅምትና የኅዳር እንግዳ ካልመጣ የበቅሎ አከራዩ የዓመቱን ገቢ ለማካካስ ያለው አማራጭ ጠባብ ነው። ከአማራጮቹ አንዱ ወደ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ማጨድ ነው።

በዚያው ወቅት በምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በገንዳ ውሃና በዙሪያዋ ያለው ሥራ ፋታ አይሰጥም። የሰሊጥ ፍሬ አቃፊው ሲደርቅ ራሱ የሚከፈት በመሆኑ አጨዳው በጥቂት ቀናት ቢዘገይ ምርቱ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የቆላው ባለሀብትና አርሶ አደር የደጋውን ጉልበት አጥብቆ ይፈልጋል። የሚወርደው ሠራተኛም ሙቀቱን፣ ወባንና ካላዛርን ተጋፍጦ ነው የሚሠራው።

ቆላው ከእርሻ ባሻገር የራሱ የጉብኝት ሀብት አለው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉበትና ሕይወታቸውን ያጡበት ስፍራ መተማ ነው። በቋራ ወረዳ የሚገኘውና በ1998 ዓ.ም የተመሠረተው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በአልጣሽ አንበሶች መኖራቸውን ማረጋገጣቸው ይታወሳል። ከራስ ዳሽን አናት እስከ መተማ ሜዳ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3,500 ሜትር በላይ ነው። ውርጭና ሐሩርን በአንድ ጉዞ የሚያስተናግድ እንዲህ ያለ መስመር በቀላሉ አይገኝም።

ሀብቱ እንዳለ ሆኖ ያለፉት ዓመታት ከባድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የጎብኚዎችን ፍሰት አቋረጠ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም የተቀሰቀሰውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጦርነት እስከ ሰሜን ተራሮች አካባቢ ዘልቆ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ቀድሞ ከካርቱም ተነስተው በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ይገቡ የነበሩ የየብስ ተጓዦች መስመር ተስተጓጎለ፤ በምትኩ ከሞት የሸሹ ስደተኞች በዚያው በር ገቡ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲታወጅ ያደረገው ግጭትም ጎብኚውንም የቀን ሠራተኛውንም ከመንገድ አስቀርቷል።

የፓርኩ ታሪክ ግን የተጎዳ ነገር ሊያገግም እንደሚችል ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017፣ ከ21 ዓመታት በኋላ ነው። ለዚህም የፓርኩ ክልል እንዲሰፋ፣ ልቅ ግጦሽ እንዲቀንስና በግጭ ይኖሩ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ቦታ የለቀቀ ቤተሰብ ከፓርኩ ተጠቃሚ ካልሆነ ጥበቃው ዘላቂ እንደማይሆን ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም በፓርኩ የተነሳው ቃጠሎም በመጸው የሚያብበው ጓሳ በበጋ ደርቆ የእሳት ማገዶ እንደሚሆን አሳይቷል።

ከዚህ አኳያ በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ። ቀዳሚው የዝግጅት ጊዜ ነው። መንገድ መጠገን፣ የእግር መስመሮችን ማጽዳትና ስካውቶችን ማሰማራት በክረምቱ ማለቂያ ካልተጠናቀቀ እንግዳው ከዝግጅቱ ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው ቅንጅት ነው። በቀድሞው ሰሜን ጎንደር አንድ ዞን ሥር የነበረው ከደባርቅ እስከ መተማ ያለው መስመር ዛሬ የሰሜን፣ የማዕከላዊና የምዕራብ ጎንደር ዞኖችን ያቋርጣል። የጸጥታና የጤና ሥራው በየዞኑ ተነጣጥሎ ከታቀደ ተጓዡ በየድንበሩ ክፍተት ያጋጥመዋል። ሦስተኛው የአገር ውስጥ ጎብኚ ነው። የገንዳ ውሃ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ከሐሩሩ ወጥቶ በደባርቅ ደጋ ሁለት ቀን ለማሳለፍ ቪዛም የአውሮፕላን ትኬትም አያሻውም። የሚያሻው አስተማማኝ መንገድና ከአቅሙ ጋር የሚመጣጠን ማደሪያ ነው።

የውጭ አገር ጎብኚ የሚመለሰው የአገሩ መንግሥት የጉዞ ማስጠንቀቂያውን ሲያነሳ ነው። የአካባቢው ሰው ግን መንገዱን በራሱ ዓይን ይመዝናል። የቆላው ቤተሰብ ያለ ስጋት ወደ ተራራው የሚወጣበት፣ የደጋው ወጣትም ያለ ስጋት ወደ ሰሊጥ ማሳ ወርዶ የላቡን ዋጋ ይዞ የሚመለስበት መጸው ሰላም ለመስፈኑ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ምስክር ይሆናል።