የቮልስዋገን ሞተር ሰማይ ሲወጣ

አንባቢ ሆይ፤ ሐረር ሄደው የሚያውቁ እንደሆነ በፈረስ መጋላ የሚቆሙትን አሮጌ የፔዦ 404 መኪኖች ሳያዩ አላለፉም። ከዚያ ወደ ጀጎል ውስጥ የሚወስደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙም የመጣው ከአውቶሞቢል ሳይሆን ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። በዚህች ከተማ ያረጀ ብረት በቀላሉ አይጣልም።

ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ ጋራዥ ቆሜ መካኒኩ የቮልስዋገን ሞተር ሲፈታ ስመለከት፣ ደብተሩን ያቀፈ ተማሪ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ይህን አውሮፕላን ላይ ቢሰቅሉት አይበርም?» ሲል ጠየቀው። መካኒኩ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልጁ የጠየቀው የቂል ጥያቄ አልነበረምና።

ፈረንሳዊው ሮዤ ድሩዊን «ቱርቡላን» የተባለችውን አንድ ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲሠራ የተጠቀመው ከቮልስዋገን የተወሰደ ሞተር ነበር። በአገራችንም አስመላሽ ዘፈሩ በቁመቱ አንድ ሴንቲሜትር ጎድሎ ከፓይለትነት ትምህርት ቢከለከል፣ መጻሕፍት እያነበበና በኢንተርኔት እየተመለከተ «ኬ-570ኤ» ብሎ የሰየማትን አውሮፕላን በቮልስዋገን ሞተር ሠራ፤ ወሬውም እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለምን ዞረ። የመጀመሪያው ሙከራው ባይሰምርም፣ እንዲህ ያለውን ሰው በባዶ ሜዳ ከሚያፌዝበት ወገን ጋር አልቆምም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ብዙ ሰው ክንፉን ይፈራል። እኔ የምፈራው ግን የዘይቱን ማቀዝቀዣ ነው።

የቮልስዋገን ሞተር በውኃ አይቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዙት ነፋስና ዘይት ናቸው። የሚይዘውም ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ይከላከላል፤ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ትንሿ የዘይት ራዲያተር ያደርሳል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ላይ ይህች ራዲያተር የተተከለችው በማራገቢያው ነፋስ መንገድ ላይ ነበርና ከኋላዋ ያለው ሦስተኛው ሲሊንደር ነፋስ እያነሰው ከወንድሞቹ ይልቅ ይግል ነበር። ፋብሪካው ራሱ ጉድለቱን አይቶ ከ1971 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራዲያተሯን ከዚያ ቦታ አነሣት።

መኪና በሜዳ ሲሄድ ከሞተሩ ጉልበት የሚጠቀመው በከፊሉ ነው። አውሮፕላን ግን ለመነሣትና ለመውጣት ሙሉውን ይጠይቃል፤ ከወጣም በኋላ አብዛኛውን ጉልበት ሳያሳርፍ ይጠቀማል። ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች ማራገቢያውን አውጥተው ሌላ የዘይት ራዲያተር በፕሮፔለሩ ነፋስ ፊት ይሰቅሉና በቱቦ ያገናኙታል። መከራውም ከዚህ ይጀምራል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቱቦው ከብረት ጋር ይፋተጋል፤ መጋጠሚያው ጥርሱ ላይ ይሰነጠቃል፤ የተበየደው ቦታ ይከፈታል። መኪና ውስጥ ቢሆኑ የዘይቱ መብራት ሲበራ ዳር ይዘው ይቆማሉ። አየር ላይ ግን ፓምፑ ራሱ ያንን ሁለት ሊትር ተኩል ገፍቶ ወደ ውጭ ሲያፈስሰው የሚቆሙበት ዳር የለም።

አንድ አታላይ ነገር ልጨምርልዎ። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የሙቀት መለኪያው መርፌ ዝቅ ሊል ይችላል፤ መለኪያው የሚነካው ዘይት የለምና። ፓይለቱም «በረደልኝ» ብሎ ይጽናናል! ስለዚህ አስቀድሞ መታየት ያለበት የግፊቱ መለኪያ ነው።

ደግሞ የሐረርን ከፍታ ያስቡ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1900 ሜትር ገደማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበቱ ስለሚቀንስ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ሆኖም አየሩ ስለሳሳ ከራዲያተሩ ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ይደክማል፤ አውሮፕላኑም ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። በባሕር ዳርቻ አገር የተለካ ራዲያተር እዚህ ይበቃል ብሎ መገመት አይገባም።

ይህን ሁሉ ለተማሪው ስተርክለት መካኒኩ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ የፈታውን የዘይት ራዲያተር አንሥቶ «ይህ ሞተር ብሮንዚናውን በልቷል» አለ። የተበላው ብረት ፍርፋሪ ከዘይቱ ጋር እየዞረ በቀጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ይቀራል፤ በቤንዚን ቢያጥቡት ሁሉም አይወጣም። አዲስ ሞተር ላይ ቢገጠም ፍርፋሪው ተመልሶ አዲሱን ብሮንዚና ይበላዋል። ልጁ «ታዲያ አይሸጥም?» ቢለው፣ መካኒኩ መልስ ሳይሰጥ ራዲያተሩን ድንጋይ ላይ አጋደመና፣ ማንም አንሥቶ እንዳይገጥመው ቱቦዎቹን በመዶሻ አንድ ባንድ ጨፈለቃቸው።